ሻሉን የለበሱትና ሻሉን የሠሩት



ከመርካቶ ጀምሮ እስከ ጅዳና ዱባይ ባሉ የጨርቅ ሱቆች «ፓሽሚና» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት የአንገት ልብስ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ከዑምራ የሚመለሱ ወገኖቻችን ለእናቶቻቸውና ለእህቶቻቸው ይዘውት ይመጣሉ። ዋጋው አይጎዳም፤ ቀለሙም ያምራል። ነገር ግን በርካሽ ከሚሸጡት ውስጥ አብዛኛዎቹ ከፓሽሚና ጋር ከስሙ በስተቀር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። በፋብሪካ የተሠሩ የቪስኮስ ወይም የአክሪሊክ ጨርቆች ናቸው። ስሙ ግን ባለቤት አለው። ባለቤቶቹም በካሽሚር ሸለቆ የሚኖሩ ሙስሊም ፈታዮች፣ ሸማኔዎችና ጠላፊዎች ናቸው። ዛሬ በዚህ ዝግጅታችን ስለ እነርሱ እንነጋገራለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ሻል ማለት ከትከሻ ላይ የሚጣል የሱፍ ልብስ ነው፤ በእኛ ዘንድ እንደ ጋቢና እንደ ነጠላ ማለት ነው። ቃሉ የፋርስኛ ነው። «ፓሽም» የሚለውም በፋርስኛ ሱፍ ማለት ሲሆን፣ «ፓሽሚና» ከዚያ የተሠራውን ጨርቅ ያመለክታል።

ጥሬ ዕቃው የሚመጣው ከራሷ ከካሽሚር አይደለም። ከሸለቆዋ በስተምሥራቅ፣ በላዳክ በኩል፣ ቻንግታንግ የሚባል ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ አምባ አለ። የእኛ ራስ ዳሽን ጫፉ ከ4,500 ሜትር ጥቂት ከፍ የሚል መሆኑን ስናስታውስ፣ እነዚያ ሰዎች ፍየል የሚያግዱት በራስ ዳሽን ትከሻ ከፍታ ላይ ነው ማለት ነው። በክረምት ብርዱ ከዜሮ በታች ወደ 30 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይወርዳል። ፍየሉ ይህን ብርድ የሚችለው ከውጨኛው ሻካራ ጠጉሩ ሥር ሌላ እጅግ ቀጭን ጠጉር ስለሚያበቅል ነው። ብርዱ ሲያልፍ ይህ የውስጥ ጠጉር ራሱን እየለቀቀ ይመጣል፤ ቻንግፓ የሚባሉት ዘላን እረኞችም በማበጠሪያ እያበጠሩ ያወጡታል። እንስሳው አይታረድም፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይሰጣል።

የዚህ ጠጉር ውፍረት ከ12 እስከ 16 ማይክሮን ነው። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የሰው ፀጉር በአማካይ ከዚህ አራትና አምስት እጥፍ ይወፍራል። ከአንድ ፍየል የሚገኘው በግራም የሚቆጠር ነው፤ ሻካራውና ቆሻሻው ተለይቶ ሲወጣ ደግሞ ከግማሽ በታች ይቀራል። በሱረቱ አን-ነሕል ውስጥ የእንስሳት ሱፍና ጠጉር ከአላህ ጸጋዎች መካከል ሲቆጠር የምናነብ ሁላችን፣ ከዚህች እፍኝ ከማትሞላ ጠጉር ምን ያህል እንጀራ እንደወጣ ብናስብ መልካም ነው።

ሙያውን ማን ጀመረው?

የካሽሚር ሰው ይህን ሲጠየቅ መልሱ ፈጣን ነው፤ «አሚረ ከቢር» ይላል። ሰይድ ዐሊ ሐመዳኒን (ረሒመሁላህ) ማለቱ ነው። በኢራን ከምትገኘው ሐመዳን የተነሡ ዐሊም ሲሆኑ፣ በ14ኛው ምእተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ወደ ካሽሚር ገብተው ኢስላምን አስተምረዋል። ያረፉት በ1385 ሲሆን ቀብራቸው በዛሬዋ ታጂኪስታን በኩሎብ ከተማ ይገኛል። ሲነገር እንደኖረው 700 የሚያህሉ ተከታዮቻቸውን አስከትለው መጥተዋል፤ ከእነዚያም መካከል ባለሙያዎች ነበሩባቸው። እርሳቸውም ቆብ እየሰፉ በእጃቸው ሥራ ይተዳደሩ ነበር ይባላል።

ሌላው ስም የሱልጣን ዘይኑል ዓቢዲን ነው። ከ1420 እስከ 1470 የገዙ ሲሆን ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ቡድሻህ» ማለትም ታላቁ ንጉሥ ይላቸዋል። ከመካከለኛው እስያ ሸማኔዎችን አስመጡ የሚባሉት እርሳቸው ናቸው።

በእኔ በኩል ሁለቱም ትውፊቶች ከንቱ ናቸው አልልም። ነገር ግን ሙያን ሁሉ ለአንድ ታላቅ ሰው መስጠት ሰዎች የለመዱት ነገር ነው። በዚያ ብርድ አገር የሚኖር ሰው ፍየሉን እያየ ሱፍ መፍተልን የውጭ እንግዳ እስኪያስተምረው ጠበቀ ማለት ያስቸግራል። ከውጭ የመጣው ጥለቱን የማስዋብ ጥበብና የገበያ መንገዱ ሳይሆን አይቀርም። የሸማኔዎቹ ስም ግን በሁለቱም ትውፊቶች ውስጥ የለም።

በ1586 የሙጋሉ ንጉሥ አክበር ካሽሚርን ያዘ። ጸሐፊው አቡል ፈድል «አይኒ አክበሪ» በተባለው መጽሐፉ እንደመዘገበው ንጉሡ ለሻል ልዩ ፍቅር ስለነበረው «ፓርም ናርም» ማለትም እጅግ ለስላሳ ብሎ ስም አወጣለት። ሁለት ሻል ጀርባ ለጀርባ አገናኝቶ መልበስንም ወደደ። ከዚያ በኋላ ሻል የቤተ መንግሥት ሽልማት ሆነ። ለመኳንንትና ለመልእክተኞች ይሰጥ ነበር። በኢራንና በዑስማኒያ አገሮችም ባለጸጎች በራሳቸው ጠመጠሙት፤ በወገባቸው ታጠቁት።

በ1665 ፍራንሷ በርኒየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ንጉሥ አውረንግዜብን ተከትሎ ካሽሚር ገባ። እርሱ እንደጻፈው በፓትና፣ በአግራና በላሆር ተመሳሳይ ሻል ለመሥራት ብዙ ተደክሞ ነበር፤ ልስላሴው ግን የካሽሚሩን አላህል አለ። ምክንያቱም የካሽሚር ውሃ ነው ብሎ ያምን ነበር። እኔ ግን ውሃው ብቻ አይመስለኝም። የጠጉሩ ንግድ መንገድ በላዳክ በኩል አድርጎ ወደ ካሽሚር የሚገባ ነበር። በ1684 በላዳክና በቲቤት መካከል የተደረገው ውልም ይህንኑ አጸና። ከዚያ በላይ ደግሞ ቀጥሎ የምነግራችሁ የሥራ ክፍፍል በአንድ ትውልድ የሚገነባ አልነበረም።

ከእንዝርት እስከ መርፌ

የሥራውን አካሄድ በዝርዝር የተወልን ዊልያም ሞርክሮፍት የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ነው። በ1820ዎቹ መጀመሪያ በስሪናጋር ተቀምጦ ከፈታይዋ እስከ ነጋዴው ድረስ እየጠየቀ ጻፈ።

ሥራው የሚጀምረው ከሴቶች ነው። ጠጉሩ በነጋዴው በኩል ይደርሳቸዋል፤ ሻካራውን በጣታቸው እየለቀሙ ይለያሉ። ቅባቱ የሚለቀው በሳሙና አይደለም፤ ሳሙና ያሻክረዋል። ይልቁንም በውሃ የራሰ ሩዝ ወቅጠው በዱቄቱ ያሹታል። ከዚያም በእጅ በሚዞር መንኮራኩር ይፈትሉታል። የእኛ እናቶች ባዘቶውን በእንዝርት ሲፈትሉ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ልዩነቱ ክሩ ከሸረሪት ድር ጥቂት ቢወፍር ነው። ሞርክሮፍት በዚያ ዘመን መቶ ሺህ ያህል ሴቶች በመፍተል ይተዳደሩ እንደነበር ገምቷል። ፈታይዋ ከንጋት ጀምራ፣ የቤት ሥራዋ ካልያዛት በስተቀር፣ እስከ ሌሊት እንደምትፈትልና ለኩራዝ ዘይት መግዣ ስታጣ በጨረቃ ብርሃን እንደምትቀጥልም ጽፏል። አድማጮቼ፣ ያ ሻል በኋላ የነገሥታት ሚስቶች የሚሻሙበት ሻል ነው።

ክሩ ከተነከረ በኋላ ወደ ሸማኔው ይሄዳል። «ካኒ» የሚባለው ሻል ከሁሉ ይከብዳል። የእኛ ሸማኔ መወርወሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይወረውራል። የካኒ ሸማኔ ግን ጥለቱን ሲሠራ መወርወሪያ አይጠቀምም። ለእያንዳንዱ ቀለም ክር የተጠቀለለባት ትንሽ የእንጨት ቀሰም አለችው። አበባው በሚጀምርበት ቦታ ቀዩን አስገብቶ አበባው ሲያልቅ ይመልሰዋል፤ አረንጓዴውን ከእርሱ ጋር አቆላልፎ ይቀጥላል። በአንድ ሻል ስፋት ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ቀሰሞች ተንጠልጥለው ይታያሉ። ሌላው የሚገርመው ደግሞ የሻሉ ፊት ወደ ታች ስለሚሆን ሸማኔው በሥራ ላይ ሳለ የሚያየው ጀርባውን መሆኑ ነው።

ታዲያ ጥለቱን ሳያይ እንዴት ይሠራዋል? በጽሑፍ ነው። መጀመሪያ «ነቃሽ» የተባለው ሠዓሊ ሥዕሉን ይሥላል። ቀጥሎ የቀለም ዐዋቂው ሥዕሉን ከፊቱ ዘርግቶ ከታች ወደ ላይ «ሁለት ቀይ፣ አራት ሰማያዊ፣ አንድ ቢጫ» እያለ ይጠራል። ሦስተኛው ሰው የተጠራውን ለዚሁ ሥራ በተፈጠሩ ልዩ ምልክቶች በወረቀት ላይ ያሰፍራል። ሸማኔው ያንን ወረቀት መስመር በመስመር እያነበበ ይሠራል። ይህ ጽሑፍ «ተዕሊም» ይባላል። ቃሉ በመድረሳ ከምናውቀው «ማስተማር» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ሌላ አይደለም። ፊደል ቆጥሮ የማያውቅ ሸማኔ ይህን ጽሑፍ እንደ ውሃ ያነበው ነበር። መሃይም ብለን የምንጠራው ሰው ማን እንደሆነ እንዲህ ዓይነቱ ነገር ያሳስበኛል።

ጥለቱ የበዛበት ሻል በአንድ ሸማኔ ዕቃ ላይ ከዓመት በላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ነጋዴዎች ሻሉን ከፋፍለው ለብዙ ሸማኔዎች መስጠት ጀመሩ። ቁርጥራጮቹን የሚያገናኘው «ረፉገር» ይባላል፤ ስፌቱን በዓይን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ቀጥሎም በመርፌ የሚጠለፍ ሻል ተስፋፋ። በ1803 ከኢስታንቡል የመጣ ኽዋጃ ዩሱፍ የተባለ አርመናዊ ነጋዴ፣ ጥለቱ ቢጠለፍ ከሽመናው እጅግ በርካሽ እንደሚወጣ አስተዋለ። ሌላም ጥቅም ነበረው፤ በተሸመነው ላይ የሚጣለው ግብር በተጠለፈው ላይ አይደርስም ነበር። ግብሩ ምን ያህል የከበደ ቢሆን ነው ሰው ከሽመና ወደ መርፌ የሚሸሸው?

ማኅተሙና ግብሩ

ከ18ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ካሽሚርን አፍጋኖች ያዟት፤ ከ1819 ጀምሮ ደግሞ ሲኮች። በአፍጋኖች ዘመን «ዳግ ሻል» የተባለ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ዳግ ማለት ምልክት፣ ማኅተም ነው። እያንዳንዱ ሻል ማኅተም ሳያርፍበትና ግብር ሳይከፈልበት መሸጥ አይችልም ነበር። ይህን ያቋቋሙት ሙስሊም ገዥዎች መሆናቸውን መደበቅ አይገባም፤ በደል የበዳዩን ሃይማኖት አይጠይቅም።

በ1846 እንግሊዞች ሲኮችን ካሸነፉ በኋላ ካሽሚርን ከነሕዝቧ ለጉላብ ሲንግ በ75 መቶ ሺህ ሩፒ አስረከቡት። በአምሪትሳር የተፈረመው ይህ ውል በመጨረሻው አንቀጹ ላይ ራጃው በየዓመቱ የሚያገባውን ግብር ይዘረዝራል። እርሱም አንድ ፈረስ፣ 6 ወንድና 6 ሴት የሻል ፍየሎች፣ እንዲሁም 3 ጥንድ የካሽሚር ሻል ነው። የመንግሥታት ውል ውስጥ ፍየል ተቆጥሮ ሲገባ የተለመደ አይደለም። እንግሊዞች ፍየሎቹን ከጥንት ጀምሮ ይመኙ ነበር። ገና በ1774 የሕንዱ ገዥያቸው ዋረን ሄስቲንግስ ወደ ቲቤት የላከውን መልእክተኛ ጠጉሩ ለሻል የሚሆን እንስሳ እንዲልክለት አዝዞት ነበር።

በአዲሱ መንግሥት ሸማኔው እንደ ባሪያ ሆነ ቢባል ማጋነን አይደለም። ከአንዱ አሠሪ ወደ ሌላው መሄድ አይችልም፤ ሙያውን ትቶ ሌላ ሥራ መያዝ አይፈቀድለትም፤ ከአገር መውጣትም ያስቀጣል። በ1860ዎቹ ካሽሚርን የጎበኘው ሮበርት ቶርፕ ሸማኔው በወር ከሚያገኘው ገንዘብ ትልቁን ድርሻ ግብር እንደሚወስደው ጽፏል። ሌሊት ተራራውን አቋርጠው ወደ ፑንጃብ የጠፉ ብዙ ናቸው፤ በአምሪትሳርና በሉዲያና የሻል ሥራ እንዲስፋፋ ካደረጉት መካከል እነዚህ ስደተኞች ይገኙበታል።

ኤፕሪል 29 ቀን 1865 የስሪናጋር ሸማኔዎች ዛልዳገር በሚባለው ሰፈር ተሰብስበው ወጡ። የዳግ ሻል መሥሪያ ቤቱን ሹም ምስል ሠርተው እንደ ሬሳ ተሸከሙት። የጠየቁት ግብሩ እንዲቀነስላቸው ነበር። መንግሥት ወታደር አዘመተባቸው። በጦርና በጥይት ሲባረሩ ወደ ድልድዩ ሸሹ፤ ብዙዎቹም ውሃ ውስጥ ወድቀው ሰጠሙ። የሞቱት 28 እንደሆኑ ይነገራል። መሪዎቹ ታሰሩ። ዓለም በየዓመቱ ሜይ ዴይ እያለ የሚያስበው የቺካጎ ሠራተኞች ሰልፍ የተደረገው በ1886 ነው፤ የስሪናጋር ሸማኔዎች በ21 ዓመት ይቀድማሉ።

በዚያው ወራት በፓሪስ ሻል ያልለበሰች ወይዘሮ እንደ ወይዘሮ አትቆጠርም ነበር። ፋሽኑን ያስጀመሩት ከ1798 ጀምሮ ወደ ግብፅ የዘመቱት የናፖሊዮን መኮንኖች ናቸው፤ ለሚስቶቻቸው ያመጡት ሻል እቴጌ ጆሴፊን ዘንድ ደረሰ፤ እርሷም ብዙ ሰበሰበች። የአውሮፓ ፋብሪካዎች ወዲያውኑ መኮረጅ ጀመሩ። በስኮትላንድ የምትገኘው ፔይዝሊ ከተማ ከሁሉ በለጠች። የካሽሚር ሸማኔዎች «ቡታ» የሚሉት፣ ጫፉ ጎንበስ ያለ የጠብታ መሰል ቅርጽ በአውሮፓ «ፔይዝሊ» ተብሎ ቀረ። ዛሬ በእህቶቻችን ሻሽና ሒጃብ ላይ ሳይቀር የምናየው ያ ቅርጽ የስኮትላንድ አይደለም።

ውድቀቱ ድንገተኛ ነበር። በ1870 ፈረንሳይና ፕራሻ ተዋጉ፤ ትልቁ የፈረንሳይ ገበያ ተዘጋ። ጦርነቱ ሲያልቅ ፋሽኑ ተለውጦ ነበር። ከ1877 እስከ 1879 ደግሞ በካሽሚር ብርቱ ረሃብ ገባ። ገበሬው ቢያንስ መሬት አለው፤ የከተማው ሸማኔ ግን ሻል ከልሸጠ የሚበላው የለም። በአገራችንም ሙስሊሙ ርስት በተከለከለበት ዘመን በሽመናና በንግድ ይኖር ስለነበር፣ መሬት የሌለው ባለሙያ በክፉ ቀን ምን እንደሚገጥመው ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ በረሃብ አለቁ፤ ከተረፉትም ገሚሱ ወደ ምንጣፍ ሥራ ዞረ። የካኒ ሽመና በጥቂት ቤተሰቦች እጅ ብቻ ቀረ። ዛሬ ካኒሃማ በምትባለው መንደርና በአካባቢዋ እንደገና አንሰራርቶ ይገኛል።

ስሙን ማን ይሸጠዋል?

አሁን ወደ ሱቁ እንመለስ። በቅድሚያ ግን «ሻህቱሽ» ስለሚባለው ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም አንዳንድ ነጋዴ ከፓሽሚና የሚበልጥ እያለ በምስጢር ያቀርበዋል። ይህ ከፍየል አይደለም፤ ቺሩ ከተባለ የቲቤት አጋዘን መሰል የዱር እንስሳ ነው። ነጋዴዎቹ ጠጉሩ ከቁጥቋጦ ላይ እንደሚለቀም ያወሩ ነበር። ውሸት ነው፤ እንስሳው ካልተገደለ ጠጉሩ አይገኝም፤ ለአንድ ሻል ከሦስት እስከ አምስት ይገደላሉ። ዓለም አቀፍ ንግዱ ከ1979 ጀምሮ የተከለከለ ሲሆን፣ በካሽሚርም ሥራው ተከልክሏል። እንስሳው ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር።

ወደ ፓሽሚናው ስንመጣ፣ ማጭበርበሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የቪስኮስ ጨርቅ ነው፤ ይህን የሚያውቅ ሰው በእጁ ዳስሶ ይለየዋል። ሁለተኛው ከዚህ የረቀቀ ነው። እውነተኛው ጠጉር ቀጭንና አጭር ስለሆነ በማሽን ሲፈተል ይበጠሳል። ስለዚህ ከናይለን ጋር ቀላቅለው በማሽን ይፈትሉታል፤ ከተሸመነ በኋላ ናይለኑን በአሲድ ያሟሙታል። ጨርቁ መቶ በመቶ ፓሽሚና ይባላል፤ አሲዱ ግን ክሩን ጎድቶታል፤ ዕድሜው አጭር ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ እህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥሩ እርጥበት ሲያገኙ ነጋዴውን እርጥቡን ለምን ከላይ አላደረግኸውም ብለው የጠየቁበት ታሪክ ለእንዲህ ዓይነቱ ሻጭም ይሠራል። ደረቁ ከላይ፣ እርጥቡ ከሥር ነው።

የማሽኑ ክር የሚጎዳው ገዢውን ብቻ አይደለም። ከሁሉ በፊት እንጀራዋን ያጣችው ፈታይዋ ናት። በእጅ የምትፈትል ሴት የሚከፈላት በክር ቁጥር ነው፤ ማሽኑ ደግሞ እርሷ በወር የምታደርሰውን በአጭር ጊዜ ያወጣዋል። ክፍያው ዝቅ ብሎ ስለቆየ ብዙ እናቶች መንኮራኩሩን ሰቅለው ትተውታል፤ ሴት ልጆቻቸውም አልተማሩትም። በ2008 «ካሽሚር ፓሽሚና» የሚለው ስም በሕንድ ሕግ የአካባቢ መለያ ሆኖ ተመዘገበ። በዚህ ሕግ መሠረት ስሙን የሚያገኘው ክሩ ከ16 ማይክሮን የማይበልጥ፣ በእጅ የተፈተለና በእጅ የተሸመነ ሻል ብቻ ነው። በስሪናጋር ባለው ላቦራቶሪ ክሩ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ካለፈ መለያ ምልክት ይደረግበታል።

በድሮው ዘመን በሻሉ ላይ የሚያርፈው ማኅተም ለግብር ሰብሳቢው ነበር። የአሁኑ ምልክት በእጅ የፈተለችው ሴት ድርሻ እንዳይጠፋ የታሰበ ነው። ምልክቱን ጠይቆ የሚገዛ ሰው ግን ገና ጥቂት ነው፤ ሻጩም ካልተጠየቀ አያሳይም።